ሁለት ሰው ወሬ፣ ሦስት ሰው ስብሰባ

የኦክስቦው ሸለቆን አውቶቡሶች ለዘጠኝ ዓመት ያንቀሳቀስኳቸው እኔ ነኝ። መሪውን የሚይዙት ሾፌሮች ናቸው፤ አውቶቡሱ የሚሄደው ግን እኔ እጄን ሳወጣ ነበር። በመላው ሰሜን ካሊፎርኒያ ከዚህ ቀኝ እጄ የበለጠ ጎማ ያዞረ እጅ የለም። አለ የሚል ካለ ይዞት ይምጣ።

አውቶቡሶቹ ሰባት ናቸው። ለማያውቀኝ ሰው ሰባ እላለሁ። ለሚያውቀኝ ሃያ እላለሁ፤ እሱ ራሱ ቀንሶ ሰባት ያደርገዋል። ስሜ ሮይስ ታልበርት ነው፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት፣ እንጀራዬ የውሃ ፓምፕ መሸጥና መጠገን። ቦርዱ ውስጥ የገባሁት በሕዝብ ምርጫ ነው። ተቃዋሚ አልነበረኝም። ሌላ የተመዘገበ ሰው ስለጠፋ ምርጫውም አልተካሄደም፤ "ተመርጠዋል" የሚል ደብዳቤ በፖስታ መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ እንደዚያው ሆኗል። እኔ ይህንን መቶ በመቶ ነው የምለው።

የአውቶቡስ ወረዳ ማለት የራሱ ድንበርና የራሱ ቦርድ ያለው ትንሽ መንግሥት ነው። ንጉሥ የለውም፣ አምስት ሰው አለው። በየወሩ በሦስተኛው ረቡዕ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በነሐሴ የገበሬዎች ትርኢት ላይ ፍየሎች በሚወዳደሩበት አዳራሽ ውስጥ እንሰበሰባለን። እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን ለባንዲራው ቃል እንገባለን። ስማችን ሲጠራ "አለሁ" እንላለን። ቀጥሎ ሕዝቡ ይናገራል፣ ለያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እያለች ትቆጥርለታለች። ሕዝቡ አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ያዘጋጀውን ጉዳይ አንድ በአንድ እናነሳለን፣ እጅ እናወጣለን፣ የደረቀ ብስኩት እንበላለን፣ ወደየቤታችን እንበተናለን።

ሰብሳቢዋ ግሌንዳ ማክአርድል ናት። ጡረታ የወጣች ርዕሰ መምህር ስትሆን ዛሬም አዋቂ ሰው ሲያወራ በመነጽሯ ስር ታየዋለች። ቬርን አቪላ የለውዝ ዛፍ ገበሬ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው። ዶርካስ ሊንድ የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ናት፤ በሰላሳ ዓመት አንድ መጽሐፍ አልጠፋባትም። አምስተኛው ሰው ግሌንዳ እጇን ስታወጣ የሚያወጣ፣ ስታወርድ የሚያወርድ ነው፤ እሱን መተረክ ቦታ ማጣበብ ይሆናል። አዳራሹ ውስጥ "ክብርት ሰብሳቢ"፣ "ክቡር አባል" እየተባባልን በአንቱታ እንነጋገራለን። ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ግሌንዳ "አንተ ቀጣፊ" ትለኛለች።

ከአምስት ሦስት እጅ ውሳኔ ነው። በዚህ የተነሳ ሦስት የቦርድ አባላት ከአዳራሹ ውጭ ስለ ወረዳው ጉዳይ መነጋገር አይፈቀድላቸውም፤ ሕዝቡ በሌለበት የተደረገ ስብሰባ ይሆንባቸዋል። እኛ ዘንድ ሁለት አባላት አብረው ቢራ ቢጠጡ ወዳጅነት ነው፤ ሦስተኛው ወንበር ስቦ ከተቀመጠ ሕግ ተጣሰ። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ባይገናኙም ያው ነው። አንዱ አባል የሁለተኛውን ሐሳብ ተሸክሞ ሄዶ ለሦስተኛው ካራገፈው፣ ስብሰባው በእግሩ ሄደ እንላለን። በየሁለት ዓመቱ ለሁለት ሰዓት ተቀምጠን ይህንን እንማራለን። እኔ ከአስተማሪው የበለጠ ነው የማውቀው፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ አርሜዋለሁ።

በግንቦት መጨረሻ ሚስ ኦፓል ግሪንዴል ሱቄ መጡ።

ሚስ ኦፓል ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተዋል፤ እኔንም ስድስት ዓመት አመላልሰውኛል። አሁን ኩላሊታቸው ስለደከመ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሃርላን ክሪክ ሠላሳ አራት ማይል ወርደው ዌልበርን ከተማ የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ። ዓይናቸው ስለደበዘዘ መንጃ ፈቃዳቸው ከተወሰደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የሚወርዱትም የሚመለሱትም በስድስት ቁጥር አውቶቡስ ነው።

ፓምፖቹ መካከል ቆመው፣ ስድስት ቁጥርን ሊያነሱት ነው ይባላል አሉኝ። ማን እንዳለ ጠየቅኳቸው። ሾፌሩ ነው አሉ።

"ሾፌር ምን ያውቃል፣ ሚስ ኦፓል።"

"እኔም ሾፌር ነበርኩ" አሉ።

ደህና አድርገው አቀመሱኝ። ወንበር ሳብኩላቸውና ነገሩን አስረዳኋቸው። ስድስት ቁጥር ለሙከራ የተጀመረ መስመር ነው፤ ሙከራው አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በየዓመቱ በሰኔ ስብሰባ ቦርዱ "ይቀጥል" ካላለ፣ በወሩ የመጨረሻ ቀን በራሱ ይቆማል። ማንም እሱን መግደል አይጠበቅበትም፣ ዝም ማለት ይበቃል። ሌላ ዓመት ሥራ አስኪያጁ "ቢቀጥል" ብሎ ይጽፋል፣ እኛም እጅ እናወጣለን። ዘንድሮ "ባይቀጥል" ብሎ ጻፈ፤ በቀን በአማካይ አራት ሰው ብቻ ነው የሚሳፈረው አለ። ሚስ ኦፓል ሲሄዱና ሲመለሱ ሁለት ሆነው ስለሚቆጠሩ፣ በእጥበት ቀን የአራቱ ግማሽ እሳቸው ናቸው።

ስድስት ቁጥር ከቀረ ምን እንደሚሆኑ ጠየቅኳቸው። ልጃቸው ኔቫዳ ውስጥ፣ ኤልኮ ናት፤ ጋራዧን ለሁለት ከፍላ ክፍል ሠርታላቸዋለች። እዚያ ከተማ ማጠቢያው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። እሳቸው ግን ሃርላን ክሪክ ያለውን ቤት ከባላቸው ከዌንደል ጋር ሚስማር በሚስማር የሠሩት ናቸው፤ አርባ አንድ ዓመት ኖረውበታል።

"ጋራዥ ውስጥ የሚያድረው መኪና ነው" አሉኝ። "እስቲ ንገረኝ፣ ስንት ሰው ነው እጁን ማውጣት ያለበት?"

"ሦስት።"

"አንተ ስንት አለህ?"

በዚያች ሰዓት የነበረኝ አንድ እጅ ነበር፣ የራሴ። አምስቱም ኪሴ ውስጥ ናቸው አልኳቸው። ጉዳዩ እንዳለቀ ይቁጠሩት፣ እኔ ባልኖር ኖሮ ይህ ሸለቆ እስካሁን በበቅሎ ነበር የሚሄደው፣ ብዬ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ሚስ ኦፓል የዱባ ዳቦ በፎይል ጠቅልለው አምጥተውልኝ ነበር። ግማሹን ቆሜ በላሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ቬርን አቪላን የለውዝ እርሻው ውስጥ የተሰበረ የመስኖ ቱቦ ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። ሁለት ሰው ነን፣ ሕጉ አይከለክለንም። ስለ ስድስት ቁጥር ነገርኩት፣ ስለ ሚስ ኦፓልም ነገርኩት። እሱንም ልጅ እያለ ያመላለሱት እሳቸው ናቸው። ቱቦውን እያሰረ አዳመጠኝ። ባለፈው ዓመት የፌርማታ መጠለያዎቹን ጉዳይ አብረን እንገፋለን ብዬው፣ ስብሰባው ላይ እሱ ሲናገር እኔ ደረቅ ብስኩት ሳኝክ ማምሸቴን አልረሳም።

"ብቻዬን ካንተ ጋር አልቆምም" አለኝ። "አፍህ እግርህን ይቀድማል። ዶርካስ ካለችበት ግን እኔም አለሁበት።"

እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። ሄጄ ዶርካስን ማየት እችላለሁ፤ ቬርንን አፌ ውስጥ ይዤ ግን አይደለም። ይህንን በደንብ አውቅ ነበር። በሁለት ዓመት አንዴ ሁለት ሰዓት የምቀመጠው ለዚህ ነው።

ዶርካስ የተመለሱ መጻሕፍት በጋሪ እየገፋች ነበር። ደረቴን ነፍቼ ጋሪውን ያዝኩት።

"ቬርን ገብቷል" አልኳት። "እኔ አለሁ። አንቺ ሦስተኛ ነሽ፣ ተፈጸመ።"

ቀና አላለችም። "ሮይስ፣ ይህንን እኔ አልሰማሁም።"

"ሰምተሻል እንጂ።"

"አልሰማሁም አልኩህ እኮ።"

ጋሪዋን እየገፋች ወደ ኋላ መደርደሪያዎቹ ሄደች። አንድ የፓምፕ መጽሔት አንስቼ አገላበጥኩ፤ ሥዕሉ እንኳን አልገባኝም። ዶርካስ ተመልሳ መጣችና ድምጿን ቀንሳ፣ አውቶቡሱ እንዲቀጥል እንደምትፈልግ፣ እሱን ግን የምትናገረው ስብሰባው ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ከዛሬ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ለማንም ምንም እንዳልናገር ነገረችኝ። ቃል ገባሁላት። ቃል ስገባ የሚስተካከለኝ የለም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ለሚስ ኦፓል ደወልኩ። ሦስት እጅ አለን፣ እኔ፣ ቬርንና ዶርካስ፣ ሦስታችን ተነጋግረን ጨርሰነዋል አልኳቸው። ዝም ብዬ ብተወው ምን ነበረበት። ግን ሰው በሌለበት ማሸነፍ ለኔ ማሸነፍ አይደለም። ሚስ ኦፓል ከፊት ወንበር ተቀምጠው እጄ ስትወጣ እንዲያዩ ፈለግሁ። ስብሰባው ላይ ይምጡ፣ ሁለት ቃል ይናገሩ፣ ማታ እኔ ራሴ ቤትዎ አደርስዎታለሁ አልኳቸው።

"ምን ልበል?"

"ያሰኝዎትን። ሦስት ደቂቃው የርስዎ ነው።"

የሰኔው ሦስተኛ ረቡዕ የእጥበት ቀን ነበር። ሚስ ኦፓል ከማጠቢያው ቀጥታ መጡ፤ መርፌው የገባበት ክንዳቸው ላይ ነጭ ፋሻ ታስሯል። ለባንዲራው ሲነሱ ወንበሩን ተደግፈው ነው። አዳራሹ ውስጥ ከሳቸው ሌላ የመጣ የሕዝብ ወገን አልነበረም። ዶርካስ እኔን አላየችኝም። ቬርን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። የወረዳው ጠበቃ ሚስተር ፔትሪ፣ እንደ ሁልጊዜው ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ፣ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረ የስልኩን መልእክት ያነባል።

ግሌንዳ የሕዝብ አስተያየት ከፈተች። መብራቷ አረንጓዴ በራች። ሚስ ኦፓል ማይኩ ጋ ሄዱ፤ ማይኩ ለረጅም ሰው የተተከለ ስለሆነ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ሾፌር ነበርኩ" አሉ፤ "ሰዓት አከብራለሁ፣ ሦስቱን ደቂቃ አልጨርሰውም። የመጣሁት ላመሰግን ነው። ሮይስን፣ ቬርንን፣ ሚስ ሊንድን። ሦስታችሁ ተነጋግራችሁ ስድስት ቁጥር እንዲቀጥል እንደጨረሳችሁት ሮይስ በስልክ ነግሮኛል። ቤቴን አልለቅም ማለት ነው። እግዚአብሔር ይስጣችሁ።"

ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። መብራቷ ገና አረንጓዴ ነበረች።

ሚስተር ፔትሪ ስልኩን ገለበጠው። የነከረው ብስኩት ተቆርጦ ሻዩ ውስጥ ሲወድቅ አየሁት። ከብዙ ነገር መካከል እሱን ነው ያየሁት፤ ለሁለት ተቆረጠ፣ ሰመጠ።

ጠበቃው ክብርት ሰብሳቢን አስፈቅዶ ሦስታችንን በየተራ ጠየቀ። ቬርን፣ ሮይስ እርሻዬ መጥቶ አነጋግሮኛል፣ ዶርካስ ካለችበት አለሁ ብየዋለሁ አለ። ዶርካስ ደግሞ መዋሸት አትችልም፤ የቬርንን ሐሳብ ከሮይስ አፍ ሰምቻለሁ፣ የኔንም ነግሬዋለሁ አለች። ይህን ስትል ድምጿ መጽሐፍ የምታነብ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"ክቡር አባል፣ የአንዱን ሐሳብ ለሌላው አድርሰዋል?"

አሁን ሳስበው፣ ጉራዬን ነው ብል ኖሮ አዳራሹ በሙሉ ያምነኝ ነበር። ሸለቆው ሁሉ ያምነኝ ነበር። በዕድሜዬ ካወራሁት ሁሉ እውነት የሆነው ግን ያ አንዱ ነው። አልፎ አልፎ እንደማደርገው በሬ ወለደ ብዬ ቢሆን ኖሮ አውቶቡሱ ዛሬም ይሄድ ነበር።

"አድርሻለሁ" አልኩ።

ሚስተር ፔትሪ ረጋ ብሎ አስረዳ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ሦስቱ አባላት ከአዳራሽ ውጭ ስብሰባ አድርገዋል፤ በእግሩ የሄደ ስብሰባ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ዛሬ ሦስቱም እጅ ማውጣት አይችሉም። የቀሩት ሁለት አባላት ምልአተ ጉባዔ አይሆኑም። ጉዳዩ ዛሬ አይነሳም። ሦስቱ የተባባሉትን ሁሉ በጽሑፍ ለሕዝብ ካሳወቁ በኋላ በሐምሌ ስብሰባ እንደ አዲስ ሊቀርብ ይችላል። መስመሩ ግን እስከዚያ የሚያቆየው ውሳኔ ስለሌለ በሰኔ መጨረሻ ይቆማል።

ከወሩ መጨረሻ በፊት ልዩ ስብሰባ ይጠራ አልኩ። ግሌንዳ መነጽሯን አወለቀች። አራት ሰው የሚሳፈርበት መስመር መቅረት አለበት ብላ ከመጀመሪያውም ታምን ነበር፤ ደብቃውም አታውቅም።

"ልዩ ስብሰባ የምጠራበት ምክንያት አይታየኝም" አለች።

ሚስ ኦፓል ከተቀመጡበት፣ ማይክ ሳይዙ፣ ምን ሆነ ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ሰማናቸው። ግሌንዳ ቀስ ብላ፣ በጣም በትህትና፣ የሕዝብ አስተያየት ተዘግቷል አለቻቸው። ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፍን፤ የዘይት መቀየሪያ ጨረታ ነበር። እጄን አወጣሁ። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ወደ ሃርላን ክሪክ ስነዳ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሚስ ኦፓል የፋሻቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ እየፈቱ መንገዱን ያያሉ። አንድ ጊዜ "እዚህ ኩርባ ላይ ቀንስ" አሉኝ፣ ቀነስኩ። ከብዙ ማይል በኋላ፣ ባልናገር ኖሮ ያልፍ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ኧረ በፍጹም፣ ጥፋቱ የጠበቃው ነው አልኳቸው። በሐምሌ ድራሹን አጠፋዋለሁ፣ የሚያስፈልግ ከሆነ ጉዳዩን እስከ ገዥው ድረስ እወስደዋለሁ፣ እስከዚያ ደግሞ ሦስቱንም ቀን እኔ ነኝ የማመላልስዎ አልኳቸው።

"በሳምንት ስድስት ጉዞ ነው" አሉ።

"ስድሳም ቢሆን።"

ስድስት ቁጥር ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄድ እኔ አልነበርኩም። ሾፌሩ ሚስ ኦፓልን እደጃቸው ድረስ ወስዶ አወረዳቸው ይባላል፤ ደንቡ አይፈቅድም፣ ግን ማንም አልከሰሰውም። ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ እኔ ማመላለስ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሦስቱንም ቀን በሰዓቱ ደረስኩ። ለከተማው ሁሉ በየቀኑ እየነዳሁላቸው ነው ብዬ አወራሁ። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ጠዋት የአንድ ወተት እርሻ ፓምፕ ተቃጠለ፤ አራት መቶ ላም ውሃ ጠማው፤ ላሞቹ በእርግጥ ሁለት መቶ ነበሩ። እንደማልደርስ ልነግራቸው ስደውል ሚስ ኦፓል ደረጃው ላይ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጡ አልጠየቅኩም። ቅዳሜ ጎረቤታቸው በጭነት መኪናው ወደ ማጠቢያው አወረዳቸው፤ እግራቸው ስላበጠ ያደረጉት የሟች ባላቸውን ጫማ ነበር ብሎ ነገረኝ።

በሐምሌው ስብሰባ የዶርካስ ወንበር ባዶ ነበር። ግሌንዳ ደብዳቤዋን አነበበችው፤ ሁለት መስመር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከቦርዱ ለቅቄአለሁ፣ ስላገለገልኩ ደስ ብሎኛል ይላል። ሰላሳ ዓመት አንድ መጽሐፍ ያልጠፋባት ሴት ስሟ በአካባቢው ጋዜጣ ላይ "ሕገ ወጥ ስብሰባ" ከሚል ቃል አጠገብ ወጥቶ ነበር። የኔም ስም ወጥቷል። እኔ እንኳን ፎቶም ቢጨምሩ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

ማን ለማን ምን እንዳለ ከወረቀት ላይ አነበብኩ። አራት ደቂቃ ፈጀብኝ። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም፤ ምላሴ የሌላ ሰው እስኪመስለኝ ድረስ። ሲያበቃ ስድስት ቁጥር ሥራ እንዲጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ አልኩ።

የቦርድ ሐሳብ ብቻውን አይቆምም። አንድ ሌላ አባል "እደግፋለሁ" ካላለ ለውይይት እንኳን አይቀርብም። የሚደግፈው ሰው ሐሳቡን መውደድ አይጠበቅበትም፤ እንነጋገርበት ማለት ብቻ ነው።

"ደጋፊ አለ?" አለች ግሌንዳ።

ቬርንን አየሁት። ቬርን የባርኔጣውን ክፈፍ በአውራ ጣቱ አዞረው፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ያለ ዶርካስ ካንተ ጋር አልቆምም ብሎኛል፤ ዶርካስ የለችም፤ ቬርን ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። የግድግዳውን ሰዓት ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ሰከንድ ሆነ።

"ሐሳቡ ደጋፊ በማጣት ሞቷል" አለች ግሌንዳ። "ቀጣይ ጉዳይ።"

ቀጣዩ ጉዳይ የፌርማታ አግዳሚ ወንበሮች ቀለም ነበር፣ አረንጓዴ ወይስ ቡኒ። አርባ ደቂቃ ተወያየንበት። አረንጓዴ ቶሎ ይነጣል ተባለ፤ ቡኒ ሙቀት ይስባል ተባለ። አምስተኛው አባል እንኳን በራሱ ጊዜ ተናገረ። ቬርን ቡኒ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ደጋፊ አለ ወይ ስትል እደግፋለሁ አልኩ፤ አፌ ነው ያለው። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ዓርብ ጠዋት ሃርላን ክሪክ ወጣሁ። ሚስ ኦፓል ሳህኖቹን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ካርቶን ውስጥ ይደረድራሉ። ልጃቸው ቅዳሜ የጭነት መኪና ተከራይታ እንደምትመጣ፣ ቤቱን የሚያከራይላቸው ሰው እንዳገኘች ነገሩኝ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ዕቃ የተነሳበት ቦታ ሁሉ ነጣ ብሎ ይታያል።

ስለ ስብሰባው አልጠየቁኝም። እኔው ጀመርኩ። ሚስ ኦፓል፣ እንዲህ ያለ ክርክር በኦክስቦው ታሪክ ታይቶ አይታወቅም አልኳቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተፋጀን። ጠረጴዛ ደበደብኩ፤ ግሌንዳ ውሃ ጠጥታ ነው የተረጋጋችው፤ ቬርን ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ለጥቂት ነው ያመለጠን፣ ለአንዲት እጅ።

አንድ ስኒ ጠቅልለው ጨረሱ። ካርቶኑ ውስጥ አስገቡት።

"ስልኩ ላይ ነበርኩ፣ ሮይስ" አሉ።

አጀንዳው ግርጌ ላይ፣ መምጣት ላልቻለ ሰው ደውሎ የሚያዳምጥበት ቁጥር አለ። በትንንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው። በዘጠኝ ዓመት አንድ ሰው ሲደውልበት ሰምቼ ስለማላውቅ መሥራቱንም አላውቅም ነበር።

ሳህን አንስቼ በጋዜጣ መጠቅለል ጀመርኩ። ይህም በታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

"ቡኒው ጥሩ ነው" አሉ። "ቆሻሻ አይታይበትም።"

ከዚያ ጠረጴዛውን እስከ በረንዳ ድረስ አብረን እንድናወጣው ጠየቁኝ፤ ልጃቸው ብቻዋን እንዳትቸገር። ዌንደል የሠራው ከባድ ጠረጴዛ ነው፣ የወጥ ቤቱ በር ደግሞ ጠባብ። ሚስ ኦፓል ማንሳት ስለማይችሉ በአንድ እጃቸው ጥጉን ነክተው ወደኋላ እያስሄዱ መሩኝ። ወደ ግራ። ቁም። እግሩን አዙረው። አሁን ና። አንዱ እግር የበሩን መቃን ፋቀው፤ ግድ የለም አሉ። በረንዳው ላይ ስናሳርፈው ላቤን ጠረግሁ። እሳቸው ገብተው ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ፣ በሩን ቆለፉ፣ ቁልፉን ስበው አረጋገጡ።

እጥበቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ዓርብ ስለነበር ወደ መኪናው ገባን።